ከአዋጅ እስከ እርሻ ድንበር፤ የመንግሥት ሥልጣን አሠራር በጎጃም የግብር ታሪክ ውስጥ

የመንግሥት ሥልጣን የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን ጣታችንን ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ ምክር ቤቱና ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እንቀስራለን። አዋጅ የሚወጣው፣ ሹመት የሚሰጠውና በጀት የሚመደበው በዚያ ስለሆነ መልሱ ስሕተት ነው አይባልም፤ ጎደሎ ግን ነው። የመስኖ ቦይ የሠራ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቦዩ ጥራት የሚመዘነው ውኃው ከወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ ሳይሆን በመጨረሻው ማሳ ላይ በሚደርሰው መጠን ነው። ሥልጣንም እንዲሁ ነው። ምንጩ ከላይ ቢሆንም ምንነቱ የሚታወቀው በመጨረሻ በሚያርፍበት ስፍራ፣ ይኸውም በገበሬው የእርሻ ድንበር፣ በነጋዴው መደብርና በባለጉዳዩ ማመልከቻ ላይ ነው።

ይህች ጽሑፍ ይህንኑ ሰፊ ጉዳይ በአንድ አገርና በአንድ ነገር ወስና ለመመርመር የተዘጋጀች ናት። አገሩ ጎጃም፣ ይልቁንም ደብረ ማርቆስን፣ ቢቸናን፣ ሞጣንና ዳሞትን የያዘው ደጋ ነው። ነገሩ ደግሞ ግብርና የመሬት ልኬት ነው። ይህን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በአገራችን የገዢና የተገዢ ግንኙነት ከመሬትና ከግብር ይልቅ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ስፍራ ስለሌለ ነው። ሁለተኛው ግን እኛን የሙያ ሰዎችን በቀጥታ የሚነካ ነው። አዋጁን የሚያወጣው ሌላ ይሁን እንጂ ገመዱን የሚዘረጋው፣ ችካሉን የሚተክለውና ካርታውን የሚያነሣው የእኛ ሰው ነው። ገበሬው መንግሥትን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የሚያየው ብዙውን ጊዜ በቀያሽ መልክ ነው።

ግብር የሚለው ቃል

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ቋንቋችን ራሱ ስለ ነገሩ የሚለውን ማዳመጥ ይጠቅማል። በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ገበሬ፣ ገባርና ግብር የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ግብር ደግሞ በአማርኛ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። የሰው ሥራና ጠባይ ግብር ይባላል፤ ገባሩ ለመንግሥት የሚያገባው ግብር ይባላል፤ ንጉሡ ወይም መኰንኑ በአዳራሹ ሠራዊቱንና ሕዝቡን የሚያበላውም ግብር ይባላል። እንግዲህ በቀደሙት አባቶቻችን አስተሳሰብ ግብር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነገር አልነበረም። የሚወጣና የሚመለስ ነበር። የሚመለሰው ከሚወጣው ጋር እኩል ነበር ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን መመለስ እንዳለበት ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ስለ ሥልጣንም እንዲሁ ሁለት ተቃራኒ አነጋገሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ በኩል «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። በሌላ በኩል ማንም ተራ ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ጉልበተኛውን በመንገድ ላይ ያቆማል፤ የተበደለም ከጭቃ ሹሙ እስከ ዙፋን ችሎት «አቤት» እያለ ይወጣል። ንጉሥ አይከሰስም፤ ነገር ግን አቤት ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው መንገድ ነው ዛሬ የፖለቲካ ሂደት ብለን የምንጠራው። በአጭሩ ለመግለጽ፣ የፖለቲካ ሂደት ማለት አንድ ውሳኔ ከወሳኙ ተነሥቶ ወደሚነካው ሰው እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበት መንገድና የዚያም ሰው ቃል በዚያው መንገድ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣበት አግባብ ነው። ከሁለቱ አንዱ የተዘጋ እንደሆነ ሥልጣን ይኖራል፤ ሂደት ግን የለም።

ርስት በጎጃም

በጎጃም ደጋ የመሬት ሥርዓት መሠረቱ ርስት ነበር። አንድ ሰው ርስት አለኝ ሲል በዚህና በዚያ ድንበር መካከል ያለው ይህን ያህል መሬት የእኔ ነው ማለቱ አልነበረም። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል መወለዱን ቆጥሮ፣ ከዚያ አቅኚ አባት መሬት ድርሻ የማግኘት መብት አለኝ ማለቱ ነበር። መብቱ በሴትም በወንድም ስለሚተላለፍ አንድ ገበሬ በብዙ አባቶች ስም በብዙ ስፍራ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። በእጁ የያዘው መሬት ሊጠይቅ ከሚችለው ጥቂቱ ነበር። ዛሬ ያልያዘውን ነገ በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት ተሟግቶ ሊያገኝ ይችላል፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ይህን ሥርዓት በመሐንዲስ ዓይን ያየ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ይገነዘባል። ካርታ መስመር ይፈልጋል፤ ርስት ግን የትውልድ ቆጠራ ነበር። ዛሬ የተያዘውን መሬት ለክቶ በባለይዞታው ስም መመዝገብ ማለት፣ የዛሬውን ባለይዞታ አጽንቶ የነገውን ባለመብት ሁሉ መቍረጥ ማለት ነበር። በመሆኑም ለገበሬው ልኬት የቍጥር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመወለድ መብት ጉዳይ ነበር። ለአባቶቹ ስም ግብር መገበሩም የባለርስትነቱ ምስክር ነበር፤ ማን ምን ያህል ገበረ የሚለው ከማን ተወለደ ከሚለው ተለይቶ አይታይም።

በአስተዳደሩም በኩል ተመሳሳይ ነገር ነበር። በታች የነበረው ሹም ጭቃ ሹሙ ሲሆን፣ በብዙ የጎጃም ስፍራዎች ይህ ሹመት በባለርስቶቹ ቤተ ዘመድ መካከል በተራ የሚዞር ነበር። ግብሩን የሚያስከፍለው፣ ትእዛዙን የሚያሰማው፣ ትንሹንም ሙግት የሚያየው እርሱ ነው። ዘንድሮ ሹም የሆነ ለከርሞ ተገዢ ስለሚሆን ሥልጣኑን አብዝቶ መጠቀም የሚያስከትለውን ያውቃል። በላዩ ባለጉልቱ፣ ከዚያም በላይ የአገሩ ገዢ አለ። ይህ ሥርዓት የእኩልነት ሥርዓት ነበር ማለት አይደለም። ርስት የሌላቸው ሸማኔዎች፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች በርስቱ ማኅበር ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ ኃይለኛውም በሙግት ደካማውን ይነቅል ነበር። ሆኖም ለባለርስቱ ሥልጣን ፊቱን የሚያውቀው፣ ሊለምነውና ሊሟገተው የሚችለው ነገር ነበር።

የማዕከላዊው መንግሥት እጅ

ጎጃም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማም ደብረ ማርቆስ ተብላ የመንግሥታቸው መቀመጫ ሆነች። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አገሩን በመጨረሻ የያዙት ልጃቸው ራስ ኃይሉ ናቸው። ራስ ኃይሉ በገንዘብ አሰባሰባቸው የታወቁ፣ ለገበሬውም ከባድ ገዢ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጎጃሜው የሚያውቃቸው የአገሩ ልጅ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተከሰው ከተሻሩ በኋላ ግን ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ጎጃም ቀስ በቀስ ከመናገሻው በሚላክ ሹምና በሚኒስቴር ደንብ ወደሚተዳደር ጠቅላይ ግዛትነት ተለወጠ።

ከጠላት ወረራ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት መድቦ በየጋሻው ግብር ወሰነ። ጋሻ ማለት ወደ 40 ሔክታር የሚጠጋ ስፋት ነው። በጋሻ ለመገበር መሬቱ መለካት አለበት። በጎጃም ደግሞ ቀላድ አልተጣለም ነበር። ሕዝቡ በሸዋና በደቡብ ቀላድ በተጣለበት ስፍራ የሆነውን በወሬ ያውቃል። በደቡብ ብዙ አገር ቀላድ ሲጣል ሲሶው ለባላባቱ ቀርቶ የተረፈው ለመንግሥት ሆኗል፤ ከመንግሥትም ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጥቶ ቀድሞ ባለመሬት የነበረው ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ለጎጃም ገበሬ ቀላድ የርዝመት መለኪያ ሳይሆን የዚህ ታሪክ ምልክት ነበር።

በዚህ ምክንያት ጎጃም ልኬቱን ተቃወመ። መንግሥቱም የሰሜኑን አገር ጠባይ በማወቅ መንገድ ለወጠ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በጋሻው ተመን ሳይሆን ከወረራው በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲገብሩ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በጥር ወር በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ስሙ የገነነው የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ዓመት ውስጥ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። መንግሥት በአንድ እጁ ለገበሬው ግብሩን ሲያቀልል በሌላው እጁ ገበሬው የሚኮራበትን ሰው ቀጣ። ከሁለቱ አንዱም ቢሆን ከሕዝቡ ጋር ተመክሮ የተደረገ አልነበረም። ቀጥሎም በ1940 ዓ.ም. የትምህርት፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ጥበቃ ግብር በመሬት ላይ ተጨመረ።

የ1960 ዓ.ም. አዋጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የገንዘብ ችግር ነበረበት። የጦሩ፣ የትምህርቱና የመንገዱ ወጪ ሲያድግ፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበት እርሻ ለግምጃ ቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ ጥቂት ነበር። አቶ ይልማ ዴሬሳ የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ አስራቱን የሚሽርና በምትኩ ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ረቂቅ ተዘጋጀ። ረቂቁ በሕግ መምሪያና በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች ብዙ ክርክርና ማሻሻያ ተደርጎበት በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. በቍጥር 255 አዋጅ ሆኖ ወጣ።

በወረቀት ላይ አዋጁ የሚያስወቅስ አልነበረም። ግብሩ በገቢ ልክ ከፍ እያለ የሚሄድ ስለሆነ ባለብዙ ገቢው ብዙ፣ ድኻው ጥቂት ይከፍላል። አስራትን የመሰለ የቆየ ሸክም ያስቀራል። የወጣውም በንጉሠ ነገሥቱ ቃል ብቻ ሳይሆን በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በሕዝብ የተመረጡ እንደራሴዎች ባሉበት ምክር ቤት አልፎ ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን የፖለቲካ ሂደት ለማጥናት የመጣ ፒተር ሽዋብ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር መጽሐፉን በዚሁ የግብር አዋጅ ላይ መመሥረቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሕግ ከሚኒስቴር ተነሥቶ በምክር ቤት አልፎ እስከ ገጠር ሲወርድ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልነበረም።

ታዲያ በጎጃም የእንቢታው ምክንያት ምን ነበር? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል።

የመጀመሪያው አዋጁ ከርስቱ ሥርዓት ጋር አለመግባባቱ ነው። አዲሱ ግብር የሚጠይቀው ማን ከማን ተወለደ ብሎ ሳይሆን ማን ምን ያህል አመረተ ብሎ ነው። ያንን ለማወቅ ገማቾች በየማሳው መግባት አለባቸው። ገበሬው ደግሞ ዛሬ እህሉን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፤ መሬቱ ከተለካም ርስትነቱ ይቀራል ብሎ አሰበ። አዋጁ መሬት ይለካ አላለም። ነገር ግን የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ ስለ መሬት ሥሪት መሻሻል በሚነገርበት ጊዜ፣ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ የሚያስረዳው ሰው ገበሬው አላገኘም።

ሁለተኛው አዋጁን ያመጣው እጅ ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ለብዙ ዓመታት የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሆነው ሲገዙ ሕዝቡን አስመርረው ነበር። የጦር መሣሪያ ምዝገባና በየምክንያቱ የሚጠየቀው መዋጮ ከሕጋዊው ግብር በላይ ይመረው ነበር። ጠመንጃ በጎጃም ጌጥም ክብርም ጋሻም ነው፤ ለመመዝገቢያው ክፈል መባል የገንዘብ ብቻ ጉዳይ አይሆንም። ስለዚህ ግብሩ ሲመጣ ገበሬው ያየው አዋጁን ሳይሆን አዋጁን ይዞ የመጣውን ሹም ነው። የሚያምነው ሰው ቢያመጣው ኖሮ ሊጠይቅበትና ሊከራከርበት የሚችለውን ነገር፣ በማያምነው እጅ ስለመጣ ከነአካቴው ናቀው።

ሦስተኛው ምክር ቤቱ ከገበሬው ጋር ግንኙነት ያልነበረው መሆኑ ነው። እንደራሴዎቹ በምርጫ የገቡ ቢሆኑም የፖለቲካ ማኅበር አልነበረም፤ ለመመረጥ የተወሰነ ሀብት ይጠየቅ ነበር፤ በአዲስ አበባ የተባለውም ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። ረቂቁ በአዲስ አበባ ለወራት ሲከራከሩበት በዳሞት ያለው ሰው አልሰማም። እርሱ የሰማው ገማች መጣ ሲባል ነው። ሂደቱ ለሕግ አውጪው አልቋል፤ ለገበሬው ገና አልተጀመረም ነበር።

ዐመፁና መልሱ

በ1960 ዓ.ም. ገማቾቹ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌላውም አውራጃ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ሕዝቡ አላስገባም አለ። በየደብሩና በየገበያው ተሰበሰበ፤ ተማማለ፤ የራሱን አለቆች መረጠ። አቤቱታውንም ወደ ላይ ላከ። ነገሩ ግን ወደ ጠመንጃ ከማምራት አልዳነም። ፖሊስና ጦር ተላከ፤ ከገበሬው ጋር ውጊያ ሆነ፤ በክረምቱም የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን እስከ መደብደብ ደረሱ። በግብር አዋጅ የተጀመረው ነገር በቦምብ መደምደሙ ለመንግሥቱ ታላቅ ውርደት፣ ለሕዝቡም ታላቅ ሐዘን ነበር።

በመጨረሻ መንግሥቱ ሁኔታውን አይቶ እጁን ሰበሰበ። አጣሪ ቡድን ተላከ፤ ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃምን ጎበኙ፤ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ይህ በዘመኑ ከተነሡት የገበሬ ዐመፆች መካከል ያሰበውን ያገኘ ነው ለማለት ይቻላል። በባሌ በ1955 ዓ.ም. የተጀመረው ሌላ ዐመፅ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አላገኘም።

ነገር ግን ድሉን ጠለቅ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለቱም ወገን የጎደለውን ያያል። ገበሬው የፈለገው እንዲተዉት ነበር፤ ተዉትም። ሆኖም በመንግሥት ውስጥ ቃሉ የሚሰማበት ቋሚ ስፍራ አላገኘም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ቢመጣበት ከመነሣት ሌላ መንገድ አልተበጀለትም። መንግሥትም በበኩሉ ግብሩን ሰረዘ፣ ሹሙን ለወጠ እንጂ አሠራሩን አልለወጠም። ምሕረት አደረገ እንጂ መብት አላጸናም። ምሕረት ከላይ የሚወርድ ስጦታ ነው፤ ነገ ሊነሣ ይችላል። በዚህ ዓይነት መንግሥት ያለ ሂደት እየገዛ ሌላ ስድስት ዓመት ቆየ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የተለኩት መሬቶች

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ፣ አዋጁ በደቡቡ አገር ጭሰኛውን ነጻ ያወጣ ስለነበረ በታላቅ ደስታ ተቀበሉት። በጎጃም ግን ገበሬው ቀድሞም የራሱን ርስት የሚያርስ ስለነበረ ደስታው እንደዚያ አልነበረም። አዋጁም ይህን ልዩነት አውቆ በርስት አገር ያለው ገበሬ በጊዜው የሚያርሰውን መሬት ይዞ እንዲቀጥል ደንግጓል። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የጭቃ ሹሙ ሥራ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተላለፈ። በትውልድ ቆጠራ መሬት መጠየቅም በሕግ አበቃ። ቀላድ ሊያደርገው ያልቻለውን አዋጅ አደረገው ማለት ነው።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ የ1960ውን ነገር በሌላ መልክ አስታወሰ። በቀድሞዎቹ ሥርዓቶች በሹመት የነበሩ ሰዎች «ፊውዳል» እና «ቢሮክራት» ተብለው ተለይተው ይዞታቸው ወደ አራት ጥማድ፣ ይኸውም ወደ አንድ ሔክታር ዝቅ እንዲል ተደረገ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በደርግ ዘመን በማኅበራቸው ተመርጠው ያገለገሉ ተራ ገበሬዎች ነበሩ። መሬት ላጡ ወጣቶችና ሴቶች መሬት ማዳረስ የሚነቀፍ ዓላማ አይደለም። ያስቈጣው ሰውን በስም ፈርጆ ይዞታውን የወሰነው ውሳኔ የሚመረመርበት አግባብ አለመኖሩ ነው። ከምሥራቅ ጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ መጡ። እንደ አያቶቻቸው አቤት ለማለት ዐባይን ተሻገሩ፤ ይግባኝ የሚባልበት ስፍራ በቅርብ ቢኖር ኖሮ ያን ያህል መንገድ ባልሄዱ ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ግን በዚያው አገር ሌላ ነገር ሆነ። የክልሉ መንግሥት የመሬት ይዞታ ምዝገባና ማረጋገጫ ደብተር የመስጠት ሥራ ጀመረ። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሙከራው ከተደረገባቸው ስፍራዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚገኘው ጎዛምን ወረዳ ነበር። የቀበሌው ነዋሪ ተሰብስቦ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ባለይዞታውንና አዋሳኞቹን ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ድንበሩን የሚያሳዩት ጎረቤታሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያልተስማሙበትን ሽማግሌ ያየዋል፤ እርሱ ያልቻለው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የተመዘገበው ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ይሰማበታል። ከዚያ በኋላ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ይሰጣል።

የ1960 ዓ.ም. ገበሬ የልጅ ልጅ ለዚህ ልኬት ጠመንጃ አላነሣም። ይልቁንም ደብተሩን በሣጥን ውስጥ አኖረው። ሰውየው ተለወጠ እንዳንል አገሩም ሰውም ያው ነው። በእርግጥ ርስቱ በ1967ቱ አዋጅ በመቅረቱ በልኬት የሚጠፋ የትውልድ መብት አልነበረም፤ ከ1989ኙ ሽግሽግ በኋላም ገበሬው ለያዘው መሬት ዋስትና ይሻ ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ሌላ እውነት አለ። በ1960 ዓ.ም. ገማቹ ብቻውን መጣ፤ በ1995 ዓ.ም. ግን ለኪው ከጎረቤቶች ጋር በድንበሩ ላይ ቆመ። ይህ የኋለኛው ሥራም እንከን አልነበረውም። በኮሚቴው ውስጥ ኃይለኛው ደካማውን የተጫነበት፣ የመበለቲቱ ድንበር የተገፋበት ቀበሌ አይጠፋም። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ ስላልነበረው የመሬቱን መጠን እንጂ ቅርጹን አያሳይም ነበር። ሆኖም እንከኑ የሚነገርበት ስፍራ ነበረው።

የሌላው ዓለም ልምድም ከዚህ አይርቅም። በእንግሊዝ አገር በ1086 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የድል አድራጊው ዊልያም ሹማምንት የአገሩን ሀብት ሲመዘግቡ፣ ድል የተነሣውን ሕዝብ እንኳ ከየወረዳው ምስክሮች አስምለው ይጠይቁ ነበር። ፈረንሳይ በናፖሌዎን ዘመን በ1807 መሬቷን ሁሉ በየማሳው መለካት ስትጀምር የመሬቱን ደረጃ የሚመድቡት ከየቀበሌው የተመረጡ ባለመሬቶች ነበሩ። ሥራው ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ለልኬቱ ብቻ ሳይሆን ለስምምነቱም ጊዜ ያስፈልግ ነበርና።

ለሙያችን

የዚህ ታሪክ ትርፍ ለእኛ ምንድን ነው? ዛሬ ባልደረቦቻችን በጎጃም ደጋም ሆነ በሌላው አገር መንገድ ይቀይሳሉ፤ የመስኖ ቦይ ይዘረጋሉ፤ የከተማ ፕላን ያወጣሉ፤ የመስመር ምሰሶ ያቆማሉ። እያንዳንዱ ችካል በአንድ ሰው መሬት ላይ ያርፋል። እኛ «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ ፖለቲካው የሌላ ነው» ማለት ይቀናናል። የ1960ዎቹ ገማቾችም የታዘዙትን ቅጽ የሚሞሉ ሠራተኞች ነበሩ። ገበሬው ግን በእነርሱ ውስጥ መንግሥትን አየ፤ ያየውም በስሕተት አልነበረም። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ማሳ ላይ መንግሥት ማለት እነርሱ ነበሩ።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ከአፈሩ ምርመራና ከከፍታ ልኬቱ እኩል ሊቈጠሩ ይገባል። ይህ ሥራ የሚነካው ሰው ችካሉ ከመተከሉ በፊት ሰምቷል ወይ? ነገሩን የሚነግረው የሚያምነው ሰው ነው ወይ? አልስማማም ቢል ቃሉ የሚሄድበት፣ መልስም የሚመጣበት ስፍራ በቅርቡ አለ ወይ? በልኬቱ የሚጠፋ፣ በካርታችን ላይ የማይታይ መብት አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ የእኛ ነው። በካርታ ላይ የማይሰፍር ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለናል። የግጦሽ መሬት፣ የውኃ መውረጃ፣ የቤተ ክርስቲያን መሄጃ፣ የመበለት የእኩል እርሻ በማናቸውም ቅጽ ላይ ሳይሰፍሩ የሚኖሩ መብቶች ናቸው።

እነዚህን መጠየቅ ሥራን ያዘገያል የሚል ይኖራል፤ እርግጥም ያዘገያል። ነገር ግን የ1960 ዓ.ም. አዋጅ አስፈጻሚዎች በችኰላ ያተረፉትን ጊዜ እናስላ። ግብሩ አልተሰበሰበም፤ ጦር ዘመተ፤ ሰው ሞተ፤ ውዝፉም ተሰረዘ። ግምጃ ቤቱ ያገኘው የለም፤ ያጣው ግን በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። በአንጻሩ ጎረቤት ከጎረቤት እስኪስማማ በድንበር ላይ ቆሞ የጠበቀው ኮሚቴ፣ በቀን የሚለካው ማሳ ጥቂት ቢሆንም፣ የለካው ጸንቷል። ሥልጣን በአዋጅ ይጀመራል፤ በእርሻ ድንበር ላይ ግን ባለቤቱና አዋሳኙ ካልመሰከሩለት አይጸናም። የማኅበራችን አባላት በየተሰማሩበት ይህን ምስክርነት ከሥራቸው ዕቅድ ውስጥ እንዲያስገቡት፣ ቀኑንና ወጪውንም ከመጀመሪያው እንዲያስቡለት ይህ ጸሐፊ ያሳስባል።